የኪስ ደወል፦ ስለ ስልክ ጥሪ ድምፅ አመራረጣችን

ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ቴያትር ወይም ስለ ሥዕል ሂስ መጻፍ የተለመደ ነው። ስለ ስልክ ጥሪ ድምፅ ሂስ ሲጻፍ ግን አላየንም። ምናልባት ነገሩ ትንሽ መስሎ ስለሚታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ዛሬ በአንድ ክፍል ውስጥ አርባ ሠልጣኞች ቢቀመጡ ከሞላ ጎደል አርባ ስልክ አለ፤ አርባ ስልክ ካለ ደግሞ አርባ የተመረጠ ድምፅ አለ። ሰው በገዛ ፈቃዱ የመረጠው፣ በቀን ደጋግሞ ለራሱም ለጎረቤቱም የሚያሰማው ነገር ከሆነ፣ ስለ ጥሩነቱና ስለ መጥፎነቱ መነጋገር የሚገባ ይመስለናል።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን ባለፈው ክረምት በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ ካሳራኒ በተባለው ሰፈር የተቀመጥንባቸው ሦስት ሳምንታት ናቸው። ካሳራኒ ከከተማው መሐል በቲካ መንገድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲወጡ የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ለመላው አፍሪካ ጨዋታዎች የተሠራው ትልቁ ስታዲዮም ያለበት ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ20 ዓመት በታች የሆኑ አትሌቶች የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደውም እዚያው ነበር። እኛ ግን የሄድነው ለሩጫ ሳይሆን ለክርስትና ነው። በዚያ ሰፈር ሱቅ ከፍቶ አሥራ አንድ ዓመት የኖረው የአክስታችን ልጅ ወንድ ልጅ ወልዶ ስለ ነበረ፣ በአርባ ቀኑ እንድንገኝ ጠርቶን ነው።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ በአገር ልጆች ተሞልቶ፣ ክትፎው ቀርቦ፣ ጨዋታው ደርቶ ሳለ ድንገት በገና ተሰማ። ስልክ ነው። በዚህ ጊዜ አራት ሰዎች በአንድነት እጃቸውን ወደ ኪሳቸውና ወደ ቦርሳቸው ሰደዱ። አራቱም አንድ ዓይነት ድምፅ፣ ያውም ከአንድ መዝሙር ከአንድ ቦታ የተቆረጠ ኖሯል የጫኑት። የተደወለው ለአንዱ ብቻ ነበረና ሦስቱ አፍረው ተቀመጡ። ሁላችንም ሳቅን። የአራሷን እናት ግን ሳቁ አልያዛቸውም። ቡናውን እያመሱ ቀና አሉና፣ «ልጆቼ፣ በገና የሚደረደረው በጾም ነው፤ እናንተ ክትፎ ላይ አስደረደራችሁት» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ።

እኛም በዚያች ጸጥታ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች መጡብን። የመጀመሪያው፣ አራት ሰዎች አንድ ድምፅ ከያዙ ድምፁ ምን ሥራ ሠራ? የሚለው ነው። ሁለተኛው የእማማ ጥያቄ ነው፦ ለምን በገና?

በሁለተኛው እንጀምር። በገና አሥር አውታር ያለው፣ ከዳዊት የወረስነው ነው የምንለው፣ በተለይ በዐቢይ ጾም ለጸሎትና ለተመስጦ የሚደረደር መሣሪያ ነው። ድምፁ ዝቅተኛ ነው። የሚነዝረው ዜማ የሚመጣው ደግሞ በድልድዩና በአውታሮቹ መካከል ከሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች፣ ከእንዝራዎቹ ነው። አሁን ይህን መሣሪያ የጣት ጥፍር በምታህል የስልክ ድምፅ ማጉያ ውስጥ እናስገባው። እንዲህ ያለች ትንሽ ማጉያ ከጥቂት መቶ ሄርዝ በታች ያለውን ድምፅ አሸንፋ ልታወጣው አትችልም፤ አየር የምትገፋበት ስፋት የላትም። ስለዚህ የበገናው መሠረታዊ ድምፅ ይቀርና ከላይ ያለው ንዝረት ብቻ ይወጣል። በእርግጥ ጆሯችን ብልህ ነውና ከቀሩት ተደራራቢ ድምፆች የጎደለውን ገምቶ ይሞላል፤ «በገና ነው» ብለን የምናውቀውም ለዚህ ነው። (የፊዚክስ መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ ቢያሳዩት ጥሩ ትምህርት ይወጣዋል፤ ያንኑ ቅጂ በስልክና በትልቅ ማጉያ ማሰማት ብቻ ይበቃል።) ሆኖም የምንሰማው በገና ሳይሆን የበገና ዝንብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተመስጦው፣ ዕርጋታው፣ ደረትን የሚነካው ነገር ሁሉ ቀርቶአል።

ከአገራችን መሣሪያዎች ለዚህ ሥራ የሚስማማ ይፈለግ ከተባለ ዋሽንት አለ። የሰው ጆሮ ይበልጥ የሚነቃው ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርዝ አካባቢ ላለው ድምፅ ሲሆን፣ የዋሽንት ከፍተኛው ክፍል ወደዚያ የሚጠጋ ነው፤ ትንሿ ማጉያም በደንብ ታወጣዋለች። ክራርም ቢሆን አውታሩ ሲነካ ወዲያው ጥርት ብሎ ስለሚነሣ አያሳፍርም። ዓለም ሁሉ ያወቀው የኖኪያ ስልክ ድምፅም የተወሰደው ከአውታር መሣሪያ ነው፦ ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ታሬጋ እ.ኤ.አ. በ1902 ለጊታር ከደረሰው «ግራን ቫልስ» ከተባለ ሙዚቃ ውስጥ አራት ምት ያህል ተቆርጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በስልክ ላይ ተጫነ። ታሬጋ ይህን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1909 ሞቷል። ቆራጩ ግን አንድ ነገር ገብቶት ነበር እንላለን፦ የመረጠው ሐረግ በራሱ ጀምሮ በራሱ ያልቃል።

የእኛ አቆራረጥ ጉድለት ያለበት እዚህ ላይ ነው። መዝሙሩ በቃሉ መካከል ተቆርጦ ይጀምራል፤ ባለቤቱ ስልኩን ሲያነሣ ደግሞ የእግዚአብሔር ስም ከግማሹ ላይ ይበጠሳል። በሙስሊም ወገኖቻችንም ዘንድ ይህ ጉዳይ ተነሥቶ፣ የግብፅ ታላቁ ሙፍቲ የነበሩት ዓሊ ጎማዓ እ.ኤ.አ. በ2010 የቁርኣን ንባብን የስልክ ጥሪ ማድረግ ተገቢ አይደለም ብለው ነበር። አንድ አንባቢ «ሃሳቡ መልካም ከሆነ ምን አለበት?» ሊለን ይችላል። መልካም ሃሳብ እንዳለበት አንጠራጠርም። ግን ዜማው የሚያገለግለው ስልኩን ነው፤ ስልኩ ሲነሣ ዝም የሚባለው፣ ስልኩ በስብሰባ መካከል ሲጮኽ የሚረገመው እርሱ ነው።

አባቶቻችን የምልክት ድምፅንና የዜማ ድምፅን ለይተው ያውቁ ነበር። ነጋሪት ሲጎሰም ሕዝቡ ሥራውን ትቶ ጆሮውን ይሰጥ የነበረው ነጋሪት ለዐዋጅና ለሥልጣን ምልክት የተለየ ስለ ሆነ ነው። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የአድዋ ክተት ሲታወጅ ነጋሪቱን የሰማ ገበሬ «ይህ የማን ዘፈን ነው?» ብሎ አልጠየቀም። የትምህርት ቤታችን ደወል የሆነው ተንጠልጣይ የሐዲድ ብረትም እንዲሁ ነው፤ ውበት የለውም፤ ነገር ግን ማንም ከሌላ ነገር ጋር አያምታታውም።

ከዚህ ላይ ወደ አክስታችን ልጅ ታሪክ እንመለስ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የቆረጥነው ከድግሱ ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው።

እርሱ በገናውን አልጫነም ነበር። ከዓመታት በፊት ገና ካሳራኒ እንደ ገባ፣ እናቱ ከደሴ ስትደውል ለይቶ እንዲያውቅ ብሎ ለእርሷ ቁጥር ብቻ አንድ የሚወደውን ትዝታ ሰጠው። በስማርት ስልክ ይህ ቀላል ነው፤ ከስም ዝርዝር ውስጥ የሰውየውን ስም ከፍቶ ለብቻው የጥሪ ድምፅ መምረጥ ይቻላል። ትዝታው ሲሰማ ሱቁ ውስጥ ያለው ደንበኛ ሁሉ እናቱ መደወሏን ያውቅ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች ቃሉን ባያውቁትም ዜማውን ያፏጩት ነበር። በኋላ እናቱ ታመመች። ስልኩን የምትይዘው እህቱ ሆነች፤ ጥሪውም ከቀን ወደ ሌሊት ዞረ። አንዱ ሌሊት ላይ ትዝታው ጮኸ፤ ያም የመጨረሻው ሆነ።

በአገራችን መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ገና ጎሕ ሲቀድ በአካል ሄደው ያረዳሉ፤ ሐዘንተኛው የሚደግፈው ሰው በአጠገቡ እንዲኖር ነው። በውጭ አገር ላለ ሰውም ብዙ ጊዜ ዘመድ ለጓደኛው ደውሎ፣ ጓደኛው ሰው ይዞ ይሄዳል። እኅቱም በዚያ ሌሊት አልነገረችውም፤ «እማዬ ትንሽ ደክሟታል» ብላ ዘጋች። እርሱ ግን በዜማው አወቀው። «ገና ሳላነሣው ነው የተረዳሁት፤ የሚያረዳኝ ሰው ሳይመጣ ዘፈኑ አረዳኝ» አለን።

ዛሬ ያን ዘፈን ሊሰማው አይችልም። አንድ ቀን አብረን ከከተማ ስንመለስ በተሳፈርንበት ማታቱ ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ተሳፋሪ በስልኩ ከፈተው፤ የአክስታችን ልጅ ኪሱን ጨብጦ ከመውረጃችን ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወረደ። እኛም ተከትለነው በሙዊኪ መንገድ በእግራችን ሄድን። የሚወደውን ትዝታ ለእናቱ ክብር ብሎ ነበር የሰጣት፤ አሁን ሁለቱንም አጣ።

ይህ በአንድ ሰው ላይ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም፤ አሠራሩ የታወቀ ነው። የፓቭሎቭን ውሻ ለሠልጣኞቻችን በየዓመቱ እናስተምራለን። ድምፅ ከአንድ ነገር ጋር ደጋግሞ ሲጣመር በመጨረሻ ድምፁ ራሱ ነገሩን ይተካል። በጀርመን አገር በላይፕሲግ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት የሰው አንጎል የራሱን ስልክ ጥሪ ከሌላው ሰው ጥሪ የሚለየው ሳያስበው፣ ልብ ሳይለው ጭምር መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ የምንወደውን ዜማ የጥሪ ድምፅ ስናደርገው ዜማውን ለደስታችን አላስቀመጥነውም፤ ለአለቃ፣ ለአበዳሪ፣ ለሌሊት ወሬ አስረከብነው። በየጠዋቱ መቀስቀሻ የተደረገ ዘፈንም ከሁለት ወር በኋላ እንደሚያስጠላ ያልቀመሰ ሰው ጥቂት ነው። በዚህ ረገድ ፋብሪካው ከስልኩ ጋር የሚሰጠን ተራ ድምፅ የሚናቅ አይደለም፤ ቢጠላም ኪሣራ የለውም።

አሁን ወደ ክፍላችን እንግባ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በትምህርት ሰዓት ስልክ ለአጭር ጊዜ በጮኸበት ክፍል የነበሩ ተማሪዎች በዚያ ጊዜ ስለ ቀረበው ትምህርት ሲጠየቁ 25 በመቶ ያህል ዝቅ ያለ ውጤት ማግኘታቸውን ይገልጻል። ከሁሉ ይበልጥ የገረመን ደግሞ፣ ከተራ ጥሪ ይልቅ ተማሪዎቹ የሚያውቁት መዝሙር ረዘም ላለ ጊዜ ሐሳባቸውን መስረቁ ነው። ታዋቂ ዘፈን የጫነ ሠልጣኝ እንግዲህ ክፍሉን በሙሉ ይዘፍናል ማለት ነው፤ ስልኩ ከጠፋም በኋላ ቀሪውን ግጥም ሁሉም በልቡ ይጨርሰዋል። በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት፣ ሰው ስልኩን ባያነሣም እንኳ መልእክት መምጣቱን ማወቁ ብቻ በሥራው ላይ ስሕተት እንደሚያበዛ አሳይቷል። ስለዚህ «ንዝረት ላይ አድርጌዋለሁ» የሚል መልስ በቂ አይደለም። በእንጨት ዴስክ ላይ የሚንቀጠቀጥ ስልክ ደግሞ፣ መምህራን ሁሉ እንደምታውቁት፣ ከጥሪው ይልቅ ያስደነግጣል።

ስለ ተማሪዎች ብልሃት ሳንናገር ማለፍ አንችልም። እ.ኤ.አ. በ2005 በዌልስ ሃዋርድ ስቴፕልተን የተባለ ሰው በሱቅ ደጃፍ የሚሰበሰቡ ወጣቶችን ለማባረር ወደ 17,000 ሄርዝ የሚደርስ ቀጭን ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። ሰው ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ቀጭን ድምፆችን የመስማት ኃይሉ ስለሚቀንስ፣ ወጣቶቹን የሚያሳክካቸው ድምፅ ለባለ ሱቁ አይሰማም። ወጣቶቹ ታዲያ ምን አደረጉ? በዓመቱ ያንኑ ድምፅ የስልክ ጥሪ አድርገው ክፍል ውስጥ አስገቡት፤ መምህሩ ሳይሰማ ተማሪው መልእክቱን ያነባል። እኛ ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነን፤ ሆኖም በተቋማችን በሙከራ ጊዜ ድምፁን ስንከፍት ሠልጣኞቹ ጆሮአቸውን ሲይዙ እኛ ዝም ብለን ቆመን ነበር። ነገሩ ትንሽ አሳዝኖናል።

ብዙ ሰዎች የሚያምታቱት አንድ ነገር አለ። ባለቤቱ የሚሰማው የጥሪ ድምፅና የሚደውለው ሰው እስኪነሣለት ድረስ በጆሮው የሚሰማው ሙዚቃ የተለያዩ ናቸው። የኋለኛው በስልኩ ላይ ሳይሆን በቴሌኮም ድርጅቱ ዘንድ ያለ አገልግሎት ነው። በኬንያ «ስኪዛ» ይሉታል፤ በስዋሂሊ አዳምጥ ማለት ነው። የሚከፍለው ተጠሪው፣ የሚያዳምጠው ግን ደዋዩ መሆኑ የሚያስቅ ነው። በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ በዚሁ ቦታ የጥንቃቄ መልእክት ገብቶ፣ ሰው ወዳጁን ለማግኘት በደወለ ቁጥር እጁን እንዲታጠብ ይመከር ነበር። እንደ ማስተማሪያ ዘዴ ከብዙ ፖስተር የተሻለ ነበር ብለን እናምናለን።

በካሳራኒ ሱቅ ውስጥ ሌላም ትምህርት አግኝተናል። ኤም-ፔሳ የተባለው በስልክ ገንዘብ የመላኪያ ዘዴ በኬንያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ እዚያ የመልእክት ድምፅ ማለት የገንዘብ ድምፅ ማለት ነው። ደንበኛው «ልኬአለሁ» ይላል፤ የባለ ሱቁ ስልክ ጢን ይላል፤ ዕቃው ይሰጣል። አታላዮችም ይህን አውቀው የኤም-ፔሳ መልእክት አስመስለው ከተራ ቁጥር ይልካሉ፤ ሥራ በበዛበት ሰዓት ድምፁን ብቻ ሰምቶ ዕቃ የሚያስረክብ ይሸወዳል። የአክስታችን ልጅ ያገኘው መፍትሔ ቀላል ነው። የእውነተኛው የኤም-ፔሳ መልእክት ለሚመጣበት ላኪ ብቻ የተለየ ድምፅ ሰጠው፤ የሁለት ብርጭቆ ግጭት የሚመስል ነው። ከሌላ ቁጥር የመጣ መልእክት በተራው ድምፅ ስለሚጮኽ ገና ሳያነበው ይጠረጥረዋል። ይህም ቢሆን ሒሳቡን ከማየት አያድንም፤ እርሱም ያያል። ቢሆንም እስካሁን ካየናቸው የድምፅ ምርጫዎች ሁሉ በሚገባ የታሰበበት ይህ ነው ለማለት እንደፍራለን። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር የሚገበያዩ የአገራችን ነጋዴዎችም ቢሞክሩት አይጎዱም።

ለመምህራን የሚጠቅመው ክፍል አጭር ነው። በአብዛኞቹ ስማርት ስልኮች ቅንብር ውስጥ ድምፅ የሚለውን ቢከፍቱ የጥሪ፣ የመልእክትና የመቀስቀሻ ድምፅ ለየብቻ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ከአንድሮይድ 8 ወዲህ ደግሞ በአንድ መተግበሪያ ውስጥ እንኳ ለየመልእክቱ ዓይነት ድምፅ መለያየት ወይም ዝም ማሰኘት ይቻላል። «አትረብሽ» የሚባለውን ሲያበሩት ከመረጧቸው ጥቂት ሰዎች በቀር የሌላው ጥሪ አይሰማም፤ በአንድሮይድ አንድ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ቢደውል እንዲያልፍ ማድረግም ይቻላል። ልጅዋን ለጎረቤት ትታ የመጣች መምህርት እንግዲህ ስልኳን ክፍት አድርጋ ማስተማር አያስፈልጋትም፤ የጎረቤቷን ስም ብቻ አስመዝግባ ሌላውን ዝም ማሰኘት ትችላለች።

ከካሳራኒ ከመነሣታችን በፊት በነበረው ምሽት የአክስታችን ልጅ ስልኩን ሰጥቶን «እስቲ አንተ መምህር ነህ፣ ለእኅቴ ቁጥር አንድ ድምፅ ምረጥልኝ» አለን። ከስልኩ ጋር የመጣውን ተራውን የደወል ድምፅ መረጥንለት። ሰምቶት «ይሄማ ምንም አይልም» አለ። ምንም እንዳይል ነው የመረጥነው አልነው። ትንሽ አስቦ ተቀበለን። የትዝታውን ፋይል አጥፋልኝ አላለንም፤ እኛም አላጠፋነውም።

ወደ ተቋማችን እንደ ተመለስን ለሁለተኛ ዓመት ሠልጣኞች አንድ የቤት ሥራ ሰጠን፦ ከአሥር ሰኮንድ ያልበለጠ፣ ከማንም ዘፈን ያልተወሰደ፣ ራሳችሁ የቀዳችሁትን የጥሪ ድምፅ አምጡ አልን። ሙቀጫ የቀዳ መጣ፤ የሲኒ ኳኳታ፣ የታናሽ እኅት ሳቅ፣ የዝናብ ቆርቆሮ መጣ። (ዝናቡ አልተሳካም፤ በማጉያዋ ሲወጣ የሬዲዮ ሹክሹክታ መሰለ።) አንዱ ሠልጣኝ የተማረበትን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሐዲድ ብረት ደወል ቀድቶ መጣ። በክፍል ውስጥ ሲያሰማን ከኋላ ወንበር የተቀመጡ ሰባት ሠልጣኞች ደብተራቸውን ሰብስበው ተነሡ። ከአሥር ስምንት ሰጠነው፤ ሁለቱን የቀነስንበት ቅጂው አሥራ አራት ሰኮንድ ስለ ነበረ ነው።